በረሮው ይሸሻል እንጂ አይጠፋም፦ ኢሴንሻል ኦይል ቤት ውስጥ የሚሠራበትና የማይሠራበት

ማታ 4 ሰዓት ገደማ ውሃ ልጠጣ ብዬ ኩሽና ገብቼ መብራቱን ሳበራ ከስቶቩ ጀርባ ያ ትንሹ ቡናማ በረሮ፣ አንገቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው፣ ሲበታተን አየሁ፣ አንድ ሁለት አይደለም ሰባት ስምንት ይሆናል። ገና ከሳምንት በፊት ነበር የባህር ዛፍ ኢሴንሻል ኦይል በጥጥ እያደረግኩ በየካቢኔቱ ጥግ ያስቀመጥኩት። ካቢኔቶቹን ከፍቼ አየሁ፣ እውነትም እዛ ምንም የለም። በረሮው አልሞተም፣ ከቤትም አልወጣም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ከዛ ቀን በኋላ ነው ይሄን ነገር ቁጭ ብዬ ማንበብና እዚሁ ቤቴ ውስጥ እየሞከርኩ ማየት የጀመርኩት፣ ምክንያቱም ቲክቶክ ላይ "ሶስት ጠብታ ብቻ፣ ኬሚካል ቀረ" የሚለው ነገር በጣም በዝቷል፣ ሰውም ብሩን እያወጣ ነው፣ ከብሩ በላይ ደግሞ ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ የሚደረገው ነገር ያስፈራኛል።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው? ዘይት ይባል እንጂ እንደ ምግብ ዘይት አይደለም። ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ብታደርጉበት ቆይቶ ተንኖ ይሄዳል፣ የምግብ ዘይት ግን ቅባቱ እዛው ይቀራል (ይቺን ያዟት፣ ስትገዙ ትጠቅማችኋለች)። አወጣጡ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው አዲስ አይሆንበትም፦ ከታች ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቅጠሉ መሀል ያልፋል፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን መዓዛ ይዞ በቱቦ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ውሃና ዘይት ሆኖ ይጠራቀምና ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት ይቀዳል። የብርቱካንና የሎሚው ብቻ ብዙ ጊዜ ልጣጩን በመጭመቅ ነው የሚወጣው። እኛም ሀገር ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በጠጅ ሳር፣ በሲትሮኔላ፣ በጥብስ ቅጠል ምናምን ላይ ለዓመታት ሲሠራ የቆየው ይሄንኑ ነው። ከ100 ኪሎ የባህር ዛፍ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ያቺ 10 ሚሊ የምትይዘው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚሆን ቅጠል ጉልበት ታጭቋል ማለት ነው። ቅጠሉን በእጅ አሽቶ ማሽተትና ጠርሙሱን ከፍቶ መድፋት አንድ አይደለም፣ "ተፈጥሮአዊ ስለሆነ ምንም አያደርግም" የሚለው ንግግር እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ተክሉ ይሄን ዘይት የሚሠራው ለኛ ብሎ አይደለም፣ በአብዛኛው ነፍሳት እንዳይበሉት ራሱን የሚከላከልበት ነው። የባህር ዛፉ ሲኒዮል፣ የቅርንፉዱ ዩጀኖል፣ የፔፐርሚንቱ ሜንቶል፣ የጠጅ ሳሩ ሲትራል፣ የብርቱካን ልጣጩ ሊሞኒን ይባላል። ነፍሳት በአንቴናቸው ነው የሚያሸቱት፣ ይሄ ሲመጣባቸው ይረበሻሉ፣ መንገዳቸውን ይቀይራሉ፣ በቀጥታ ሰውነታቸው ላይ በብዛት ካረፈ ደግሞ ነርቫቸውን ነክቶ ሊገድላቸውም ይችላል። ግን ያው መዓዛ እንዲሆን ያደረገው መትነኑ ነው፣ የሚያስቸግረውም ይሄው መትነኑ ነው። ዛሬ ያስቀመጣችሁት ጥጥ ከጥቂት ቀን በኋላ ባዶ ጥጥ ነው። ስለዚህ ኢሴንሻል ኦይል እንደ ዘበኛ ቁጠሩት፣ በር ላይ ቆሞ ይመልሳል፣ ደክሞት ሲሄድ ደግሞ በሩ ክፍት ነው።

ይሄንን ከያዝን በረሮው ላይ የሆነው ነገር ግልፅ ይሆናል። ያ ትንሹ በረሮ እንቁላሉን የሚይዘው በአንድ ከረጢት ውስጥ ነው፣ አንዱ ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ይይዛል፣ ሴቷ ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ኋላዋ ላይ ተሸክማው ትዞራለች። እናንተ ካቢኔቱን በፔፐርሚንት ስታጥኑት ከረጢቷን ይዛ ወደ ፍሪጅ ሞተር፣ ወደ መብራት ሶኬት፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ በቧንቧው ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፣ እዛ ትፈለፍልና በወሩ ተመልሰው ይመጣሉ። የበረሮ ነገር የሚያልቀው ተመግቦት በሚሞትበት ነገር ነው፣ በስሪንጅ የሚሸጠው ጄል ማለቴ ነው፣ በጣም ትንሽ ትንሽ ነጥብ እየተደረገ በማጠፊያው፣ ከስቶቭ ጀርባ፣ ከሲንክ ስር ይቀመጣል። የበላው ሄዶ ጎሬው ውስጥ ይሞታል፣ የእሱን ሬሳና ኩስ የሚበሉት ደግሞ አብረው ይሞታሉ። እና ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት፣ እኔም የሠራሁት፣ ጄሉን አድርጎ ከጎኑ ኢሴንሻል ኦይል መርጨት ነው። እንዲበላ የፈለጋችሁትን ምግብ እንዳይቀርበው አደረጋችሁት ማለት ነው! ሁለቱን አትቀላቅሉ። ጄል ያለበት ቦታ ምንም ሽታ ያለው ነገር አይነካም፣ ዘይቱን ከፈለጋችሁ በረሮው ካለቀ በኋላ መግቢያ በር ስርና ቧንቧው ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ተጠቀሙበት፣ ቀዳዳው ራሱ ቢደፈን ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ጉንዳን ላይ ግን ዘይቱ በእውነት ይሠራል፣ ይሄን አልክድም። ጉንዳን በመስመር የሚሄደው ፊተኛው መሬቱ ላይ ሽታ እየተወ ስለሚሄድ ነው፣ ኋለኛው ያንን ሽታ ነው የሚከተለው። መስመሩን በፈሳሽ ሳሙና ጠርጋችሁ ስታጠፉትና የገቡበት ቀዳዳ ላይ ቅርንፉድ ወይም ፔፐርሚንት ስታደርጉበት ይጠፋባቸዋል። ስኳሩና ማሩ ተከድኖ እስካለ ድረስ ሌላ ምንም ላያስፈልግ ይችላል።

አይጥ ላይ አትልፉ። ፔፐርሚንት የነከረ ጥጥ አዲስ ሲሆን ትሸሸው ይሆናል፣ ምግብ ካለ ግን ትለምደዋለች። የቤት አይጥ እስኪርብቶ በሚያስገባ ቀዳዳ፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት ማለት ነው፣ ተጨማዳ ትገባለች፣ ስለዚህ ቀዳዳውን ድስት በምንፈገፍግበት የብረት ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ መድፈን ነው መፍትሄው። ትኋን ላይ ደግሞ ይሄን ዘይት ጭራሽ አትሞክሩት፣ ተደብቃ የምትኖር ነገር ናት፣ ፍራሹ ላይ ስትረጩ ወደ አልጋው እንጨት ስንጥቅ፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ሌላ ክፍል ትበተናለች፣ ከዛ በኋላ አንድ ክፍል የነበረው ችግር የቤት ሁሉ ይሆናል። ሙቀት ነው የሚገድላት፣ አንሶላና ልብስ በ60 ዲግሪ ማጠብ፣ የማይታጠበውን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ማስጠራት።

ነቀዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ሰው ይሞታል። እህል ላይ ኢሴንሻል ኦይል አይደረግም፣ ምግብ ነው፣ ጣዕሙንም ያበላሻል። እናቶቻችን ባቄላውን ወይ በቆሎውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ሲያስቀምጡ ያውቁ ነበር፣ ጤፉ በፍሬዎቹ መሀል ያለውን ክፍተት ሞልቶት ነቀዟ መንቀሳቀሻ ታጣለች፣ ስትፈልጉ በወንፊት ትለዩታላችሁ። ጥቂት ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ማቆየትም ይሠራል። ያ የነቀዝ ኪኒን የሚባለው ግን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፣ የአየሩ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ለመጋዘን የተሠራ ነገር ነው እንጂ ሰው ለሚተኛበት ቤት አይደለም። ጆንያው ሳሎን ወይም መኝታ ቤት አጠገብ ከሆነ ጋዙ ነቀዝና ልጅ አይለይም። ለትኋን ብሎ ፍራሽ ስር የሚያደርግም አለ፣ እባካችሁ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ ንገሩት። ሰው ከዚህ ሸሽቶ ወደ ኢሴንሻል ኦይል መምጣቱ ደስ ይለኛል፣ ችግሩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ ነው።

ወደ ትንኝ እንምጣ። የሲትሮኔላ ወይም የጠጅ ሳር ዘይት ቆዳ ላይ ሲቀባ ትንኝ ያርቃል፣ ግን ለአጭር ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 ሰዓት በታች ነው። አዲስ አበባ ማታ ማታ እንቅልፍ የምትነሳ ትንኝ ከሆነች ችግር የለውም፣ ቀቡት፣ ሲያልቅ ድገሙት። ወደ አዋሽ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ስትሄዱ ግን ነገሩ ወባ ነው፣ አጎበር በዘይት ጠብታ አይተካም። ድሮ ወባ የቆላና የገጠር ነገር ነው እንል ነበር፣ አሁን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋ ከተማ የምትወደው የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። እሷ የምትራባው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ባጠራቀምነው ንፁህ ውሃ ነው። እንግዲህ ሮቶውን በደንብ መክደን ከየትኛውም ሽታ ይበልጣል።

አንድ ዘይት ግን ለብቻው ልጥራ፣ ምክንያቱም በስሙ ሰው ይሳሳታል። ሽቶ ባህር ዛፍ የምንለው፣ ቅጠሉን ስታሹት ሎሚ ሎሚ የሚለው፣ ከእሱ ዘይት ተዘጋጅቶ የሚሠራ ፒኤምዲ የሚባል የትንኝ መከላከያ አለ፣ የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ሳይቀር ከሚመክራቸው ውስጥ ነው፣ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን አይደረግም። ይሄ እንግዲህ ተዘጋጅቶ፣ መጠኑ ተለክቶ የሚሸጠው ነው። ከሽቶ መሸጫ የሚገዛው ተራው የሽቶ ባህር ዛፍ ኢሴንሻል ኦይል ፒኤምዲው በጣም ጥቂት ስለሆነ እሱን አይተካም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሱቅ ውስጥ "ከዕፅዋት የተሠራ" ብሎ የሚሸጠውን ስፕሬይ ስታዩ ይሄን እወቁ፦ ቅርንፉድ፣ ፔፐርሚንት፣ ሮዝመሪ፣ ጠጅ ሳር የመሳሰሉት ዘይቶች ያሉባቸው ብዙ ምርቶች ጉዳታቸው አነስተኛ ነው ተብሎ ከፌዴራል ምዝገባ ነፃ የተደረጉ ናቸው፣ ያልተመዘገበ ማለት ደግሞ በረሮ ይገድላል የሚለውን ነገር መንግሥት ፈትሾ አላረጋገጠውም ማለት ነው።

እኛ ቤት ከዘይቱ በፊት ጭስ ነበረ። ወይራ፣ ጥንጁት፣ ቀበሪቾ፣ ወገርት። እነዚህ አራቱ በቤተ ሙከራ በወባ ትንኝ ላይ ተሞክረው ትንኟን እንደሚያርቁ ታይቷል፣ የወተት ዕቃ በወይራና በጥንጁት ሲታጠንም ለሽታው ብቻ አይደለም፣ ጭሱ ወተት የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎች ይቀንሳል። አያቶቻችን ያወቁት ነገር ነው። ግን በር ዘግቶ ሕፃን ያለበት ክፍል ውስጥ ማጠን ሳንባ ይጎዳል፣ ጭስ ጭስ ነው፣ ካጠናችሁ ሰው ሳይኖር አጥኑና ክፍሉ ተናፍሶ ግቡ።

አሁን ስለ ሽታ ላውራ፣ እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ትንሿ መታጠቢያ ቤታችን፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የምንጠቀምባት፣ ለወራት የፍሳሽ ሽታ ሸተተች። ቲ ትሪ ዘይት ጨመርኩ፣ ላቬንደር ጨመርኩ፣ ዲፊውዘር (ዘይቱን እንደ ጭጋግ አድርጎ ቤት ውስጥ የሚበትን ዕቃ) ገዛሁ፣ ላቬንደርና ፍሳሽ አንድ ላይ ሸተተኝ። በኋላ ለሌላ ሥራ የመጣ የቧንቧ ሠራተኛ ገብቶ አንዴ አሸተተና ወለሉ ላይ ወዳለችው ክብ የፍሳሽ ማስወገጃ ጎንበስ ብሎ "እህቴ፣ እዚህ ውሃ ትደፉበታላችሁ?" አለኝ። "አይ ብዙም አንጠቀምበትም፣ ውሃም የሚመጣው በፈረቃ ነው" አልኩት። "እሱ ነዋ!" አለና አንድ ጆግ ውሃ ቀስ አድርጎ ደፋበት፣ በቃ፣ በማግስቱ ሽታው የለም። ለካ ከታች ሳይፎን አለው፣ ውሃ ተኝቶበት ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ጋዝ የሚዘጋ መታጠፊያ ነው፣ ሳይደፋበት ሲቆይ ውሃው ይተንና መንገዱ ይከፈታል፣ ሽታውም በረሮውም በዛ ይወጣል። አሁን በሳምንት አንዴ ውሃ እደፋበታለሁ፣ ቤት ዘግተን የምንሄድ ከሆነ ከውሃው በኋላ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት አክልበታለሁ፣ ከላይ ተንሳፍፎ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል። ቤታችሁ የሚሸት መታጠቢያ ቤት ካለ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ።

ኢሴንሻል ኦይል ሽታ አያጠፋም፣ ይሸፍናል። ሽታው የሚመጣው ከሚበሰብስ ነገር ወይም ከባክቴሪያ ነው፣ እሱ እስካለ ይቀጥላል። ላዩ ላይ ደግሞ አፍንጫችን ይለምዳል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ያደረግነውን መዓዛ ራሳችን ስለማንሰማው እንጨምራለን፣ እንጨምራለን፣ ከውጪ የመጣ ሰው ራሱን ያመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መጥረግ፣ ማጠብ፣ መስኮት መክፈት፣ ፀሐይ ማስመታት። ፍሪጅ ውስጥ በትንሽ ሳህን ቤኪንግ ሶዳ ማስቀመጥ። ጫማ ከሆነ ሶዳው ላይ አምስት ስድስት ጠብታ ላቬንደር ወይም ቲ ትሪ ቀላቅሎ ማታ ነስንሶ ጠዋት ማራገፍ፣ ይሄ በጣም ጥሩ ነው። የቁሌት ሽታ ሶፋ ላይ እንዳይቀር መስኮቱን ከፍቶ ቀረፋና የብርቱካን ልጣጭ በትንሽ ድስት ማፍላት ይበቃል፣ ጠርሙስም አያስፈልግም። ሽታ ለማጥፋት ብላችሁ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው።

ቁም ሳጥን ውስጥ በርኖስና ሱፍ ነገር ካለ ብል እንዳይገባ ላቬንደር ወይም የጥድ እንጨት በከረጢት ማድረግ ይረዳል፣ ግን ልብሱ ታጥቦ፣ ፀሐይ ነክቶት ከገባ በኋላ ነው። ናፍታሊን የሚባለውን ነጭ ኳስ ሕፃን ልጅ ልብስ ውስጥ አታድርጉ፣ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፣ እነሱ ላይ ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሳል፣ ልጁ ይሄ እንዳለበት ደግሞ ወላጅ አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል።

ስለ ልጅ ካነሳሁ፣ ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የባህር ዛፍ ዘይት ትንሽ ልጅ ከጠጣው አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን የማይሞላው ራሱን ሊያስተውና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ጠርሙሱ ትንሽ ነው፣ ጥሩ ይሸታል፣ ለልጅ እጅ ልክ ነው። ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፣ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ከገባ ሌላ ጉዳት ነው፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ለጉንፋን ብሎ ሕፃን አፍንጫ ስር ባህር ዛፍ ወይም ሜንቶል መቀባትም ትንፋሽ ሊያስቸግረው ስለሚችል አይደረግም። አስም ያለበት ሰው ያለበት ቤት ዲፊውዘር አትክፈቱ፣ ሌላውም ሰው ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ በር ዘግቶ፣ አያስፈልግም። ድመት ያላችሁ ደግሞ ጉበቷ እነዚህን ነገሮች እንደኛ ማጣራት ስለማይችል ቲ ትሪና ፔፐርሚንት እሷ ያለችበት ቤት አይረጭም፣ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ልሳ ትውጠዋለች።

እሳትም ይይዛል። የባህር ዛፍና የብርቱካን ዘይት እንፋሎት በ50 ዲግሪ ገደማ ላይ እሳት ሊይዝ ስለሚችል ከሰል ሲነድ፣ ጋዝ ሲበራ አትርጩ።

እንግዲህ ለጉንዳንና ለበር ስር የምጠቀምበትን ልንገራችሁ። ዘይትና ውሃ አይቀላቀልም፣ ውሃ ላይ ጠብታ ጨምሮ መርጨት ማለት መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ንፁህ ዘይት መርጨት ነው። ስለዚህ ባለ 100 ሚሊ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ (የብርቱካን ዘይት አንዳንድ ፕላስቲክ ይበላል) መጀመሪያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አልኮል፣ ያ በኮሮና ጊዜ እጃችንን ስናሸት የነበረው 70 ፐርሰንቱ፣ እሱ ላይ 30 ጠብታ ፔፐርሚንት ወይም ቅርንፉድ፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ነቅንቃችሁ ውሃ ትሞሉታላችሁ። በተጠቀማችሁ ቁጥር ነቅንቁት። ቀለም የተቀባ እንጨት ላይ ከመርጨታችሁ በፊት የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። በየሶስት ቀኑ ካልደገማችሁት አይሠራም። ዘይት መግዛት ካልፈለጋችሁ አንድ እፍኝ ቅርንፉድ ደቁሳችሁ አልኮል ውስጥ ሳምንት ብትዘፈዝፉት ጥሩ ይወጣል፣ በውሃ ብትቀቅሉት ግን መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ኩሽናውን ሞልቶ ይሄዳል፣ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ስትገዙ ደግሞ ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ መስታወት መሆኑን፣ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም መጻፉን እዩ፣ ከቻላችሁ ያቺን የወረቀት ነገር እዛው ሱቅ ሞክሯት፣ ቆይቶ እንደ ሳምቡሳ ወረቀት ቅባት ከቀረበት በምግብ ዘይት ተቀላቅሏል። ይቺ ሙከራ በተለይ ላቬንደርና ፔፐርሚንት ስትገዙ ትጠቅማለች።

የኔ ኩሽና በረሮ በጄሉ በሶስት ሳምንት ውስጥ መታየት አቆመ፣ ጥጦቹን ከካቢኔቱ ሁሉ ካነሳሁ በኋላ ማለት ነው። አሁን ዘይቱ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከሲንኩ ስር ቧንቧው ወደ ጎረቤት የሚያልፍበት የተደፈነው ቀዳዳ ዙሪያ፣ በየሶስት ቀኑ ወለል ስወለውል እግረ መንገዴን እረጨዋለሁ፣ ጠርሙሱ ደግሞ ልጄ በወንበር ቆሞ እንኳን የማይደርስበት ላይኛው ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው።